ቱርቦውን ብቻ ቀይሬ ቢሆን ኖሮ

በእጃችን የሠራናት አውሮፕላን ሞተሯ የማዝዳ 13ቢ ሮታሪ ነው፤ በፒስተን ፈንታ ውስጡ የሚሽከረከር ሮተር ያለው። ለመነሳት ሙሉ ጋዝ ስሰጣት የቱርቦው (በጭሱ ኃይል እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚያምቀው መሣሪያ) ግፊት አልወጣ አለ፣ ነጭ ሰማያዊ ጭስም ለቀቀች። የአየር ቱቦ ተላቆ ይሆናል ብዬ መስመሩን ዘግቼ አየር ሞላሁበት፣ ሳሙና ቀባሁት። አንድም አረፋ የለም። የጭስ ማውጫውን ስፈታ ጭሱ የሚያዞረው የቱርቦው ተርባይን ምላጮች ጫፋቸው ተበልቷል፣ ዘንጉም ወዲያ ወዲህ ይላል። ሮታሪ ጭሱ ከፒስተን ሞተር ይበልጥ ይሞቃል፤ መኪና ላይ ለጥቂት ሰከንድ የሚረገጠው ነገር አየር ላይ ለብዙ ደቂቃ ይቀጥላል። ግን የዘንጉን ኩሽኔታ የጨረሰው ሌላ ነው፦ ዘይቱን ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቱቦ መሃሉ ላይ ወደ ላይ ጎብጧል። ዘይቱ በራሱ ክብደት ነዋ የሚወርደው! መውረጃ ሲያጣ ቱርቦው ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ጭሱ ይፈስና ይጨሳል። (የገጠምኩት እኔው ነኝ።) ቱቦውን ቀጥ አድርጌ አወረድኩት፣ ቱርቦውን ቀየርኩ፣ ማርሚታው ውስጥ የገባውን ስብርባሪም አራገፍኩ። አሁን ግፊቱ ተመልሷል፣ ጭሱም ጠፍቷል።