ለኢንቨርተርና ለባትሪ ግድግዳ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃዎች ወደሚሆን የሚቀይር መሣሪያ፣ ከጣውላ ግድግዳ ላይ ሳወርድ ከጀርባው ያየሁት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። የመሣሪያው ቅርጽ እንዳለ ቡናማ ሆኖ እንጨቱ ላይ ታትሟል፤ ካውያ ተረስቶበት የቆየ ጨርቅ ይመስላል። ከታች፣ የባትሪው ገመድ በሚገባበት በኩል ደግሞ ጠቁሮ ከስሏል። ባለቤቱ የጠሩኝ «አልፎ አልፎ ይጠፋል» ብለው ነበር።

ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይሄው ነው፦ በቀጥታ እንጨት ላይ መስቀል። ጣውላ፣ ችፑድና ኮምፖልሳቶ የሚመረጡት ብሎን ቶሎ ስለሚይዙ ነው። ኢንቨርተር ደህና ሆኖም ይሞቃል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን የላላ የገመድ ማሰሪያ ነው። 5 ኪሎዋት የሚሰጥ ባለ 48 ቮልት ኢንቨርተር ሙሉ ጭነት ላይ ከባትሪው ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ማሰሪያው በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ የአንድ ኦም መቶኛ ያህል ሬዚስታንስ (ከረንትን የሚያግድ መቋቋም) ቢፈጠርበት፣ እዚያች ነጥብ ላይ 100 ዋት ሙቀት ይወጣል። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል ሙቀት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ አስቡት። ፊውዙም አያድንም፤ የሚያልፈው ከረንት ከተለመደው አልበለጠምና። ከጀርባው ኮንክሪት ካለ ፕላስቲኩ ቀልጦ ይሸታል፣ ሰው ደርሶ ያጠፋዋል። እንጨት ከሆነ ግን እሳቱ የሚበላው ነገር አገኘ ማለት ነው። ለወራት በሙቀት የከሰለ እንጨት ደግሞ ከአዲሱ ባነሰ ሙቀት ይቀጣጠላል።

«ላሜራ አድርጌበታለሁ» የሚሉ አሉ። ላሜራ አይነድም፣ ግን ሙቀቱን ተቀብሎ ለእንጨቱ ያቀብላል። ቤቱ የእንጨት ከሆነ የሚያዋጣው ፋይበር ሲሚንቶ ሰሌዳ ነው። ከመሣሪያው በሁሉም በኩል ይትረፍ፣ ወደ ላይ ደግሞ ይበልጥ፤ እሳት የሚወጣው ወደዚያ ነው። ብሎኑ ሰሌዳውን አልፎ የቤቱን ቋሚ መያዝ አለበት። ጂፕሰምም እንዲሁ ነው፤ እሳት ለጊዜው ይከላከላል እንጂ ክብደት አይሸከምም።

«ብሎኬት ነው፣ ምን ይሆናል» ማለትም ያሳስታል። ባለ 48 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አብዛኛው ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ድሪሉ ጥቂት ሴንቲሜትር ከሄደ በኋላ ድንገት ዘው ካለ ባዶው ላይ ደርሷል፤ እዚያ የሚገባ ተስፋፊ ብሎን (ሲጠብቅ ጫፉ ሰፍቶ ግድግዳውን የሚነክስ) የሚነክሰው ያጣና ባዶውን ይሽከረከራል። ልስኑም ቢሆን ጥንካሬ ውስጥ አይቆጠርም፤ ሦስት ሴንቲሜትር ልስን ላይ አምስት ሴንቲሜትር ብሎን ቢመታ ግድግዳውን የያዘው ሁለቱ ብቻ ነው። ክፍት ብሎኬት ላይ ለክፍት ግድግዳ የተሠራ መያዣ ያስፈልጋል፤ ወይም ኮንክሪት ዓምድ ይፈለግ። እኔ ከባድ ባትሪ መሬት ላይ፣ የብረት ማስቀመጫ ላይ ሆኖ ግድግዳው እንዳይወድቅ ብቻ ቢይዘው እመርጣለሁ። ውበቱ ይቅር።

ኢንቨርተሩን በትክክል ከባትሪው በላይ መስቀልም የተለመደ ነው፤ ገመድ ስለሚያሳጥር። ባትሪው ውሃ የሚጨመርበት የሊድ አሲድ ዓይነት ከሆነ ግን ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ይወጣዋል። ጋዙ ከአየር ስለሚቀል በቀጥታ ወደ ኢንቨርተሩ ይወጣል፤ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ብልጭታ ይበቃዋል። የአሲዱ ትነትም ሰርኪዩቱን እየበላ ይጨርሰዋል። ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጉት፣ አየር የሚወጣበት ክፍት ቦታም ከላይ ይኑር።

ቁምሳጥን ውስጥ መደበቅ፣ ጣሪያ ሥር መለጠፍ፣ አጋድሞ ማሠር፤ ሦስቱም አየር ይከለክላሉ። ሙቀት የሚያስወጡት የኢንቨርተሩ የጀርባ ክንፎች ቁመታቸው ወደ ላይ የሆነው ሞቃቱ አየር በመካከላቸው እንዲወጣ ነው። የሚተወው ክፍተት መጠን መመሪያው ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከላይና ከታች 30 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው።

የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አይሆንም፤ ብዙ ኢንቨርተሮች ከ40 ወይም ከ45 ዲግሪ በኋላ ጉልበታቸውን ይቀንሳሉ። ከሻወር ጋር የሚጋራው እርጥብ ግድግዳም እንደዚያው፤ ውስጡ ቧንቧ ስላለ ድሪሉም አደጋ ነው።

ከግድግዳው ማዶ ማን እንደሚተኛ ሳያዩ መብሳት የመጨረሻው ስህተት ነው። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ የ2019 የባትሪ ተከላ ደረጃ መኖሪያ ክፍል ውስጥ ባትሪ መትከልን ይከለክላል፤ ግድግዳው ከመኖሪያ ክፍል ጋር የሚጋራ ከሆነም መሃሉ ላይ የማይቃጠል መከለያ ይጠይቃል። መጀመሪያ ያነሳሁት ጣውላ ማዶው የልጆች አልጋ ነበር። ባለቤቱ አልጋውን እናዛውረው ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ያዛወርነው ኢንቨርተሩን ነው፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ወዳለው የኮንክሪት ዓምድ።