ጉልበት ሲያም በእግር መሄድ፦ ድሬና ሐረር ላይ የሚዘወተሩ ስህተቶች

ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ሁሉም የሚሰጠው ምክር ያው ነው፦ «አርፈህ ተቀመጥ።» ከልብ የመጣ ምክር ነው። ለአብዛኛው የቆየ የጉልበትና የዳሌ ህመም ግን ጉዳቱ ያመዝናል። የማወራው ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ስለሚሉት፣ መገጣጠሚያ እየተሸረሸረ ስለሚመጣው ህመም ነው። ዕድሜ፣ ክብደት፣ የድሮ ጉዳት፣ ከባድ ሥራ ያመጡታል። ጠዋት ሲነሱ ጉልበት ይያያዛል፣ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ይፍታታል። ደረጃ ሲወርዱ ያማል። ከመቀመጫ ሲነሱ ይንቋቋል።

ለዚህ ህመም የሕክምና መመሪያዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያዙት እንቅስቃሴን ነው። ከእንቅስቃሴ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቀው ወክ ማድረግ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የጉልበት መሸርሸር ያለባቸውን፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከ1,200 በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። ሲጀመር ጉልበታቸው አዘውትሮ የማያማቸው ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ለስፖርት ብለው በእግር የሚሄዱት፣ በኋላ ተደጋጋሚ የጉልበት ህመም የመጀመሩ ዕድል ከማይሄዱት በ40 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ታዲያ ብዙ ሰው ለምን ጀምሮ ይተወዋል? በአብዛኛው ከሚከተሉት ስህተቶች በአንዱ ነው።

1. ህመሙ እስኪለቅ መጠበቅ

«ትንሽ ይሻለኝና እጀምራለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጀምር ዓመቱ ያልቃል። ምክንያቱም ህመሙን የሚያሻለው ራሱ መሄዱ ነው። በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። እግር መሬት ሲረግጥ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ሲነሳ ፈሳሹን መልሶ ይስባል። የተቀመጠ ጉልበት ይህን አያገኝም።

ሌላው ነገር የጭን ጡንቻ ነው። ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ሳይሠራ ሲቀር በፍጥነት ይሳሳል፤ ያን ጊዜ ጭነቱ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። ሰው ሲያመው ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ ጡንቻው ይደክማል፣ ጡንቻው ሲደክም ይበልጥ ያመዋል። ይህን አዙሪት መስበር የሚቻለው እያመመም ቢሆን በትንሹ በመጀመር ነው።

2. «እማዬ፣ አንቺ አትነሺ»

ይሄ የታማሚዋ ስህተት አይደለም፤ የልጆች ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝም ይሄኛው ነው። እኛ ጋ ልጅ እናቱን የሚያከብረው በማስቀመጥ ነው። እናት «ጉልበቴን» ካለች ቡናው በሌላ ሰው ይፈላል። ውሃው እጇ ድረስ ይመጣል። ሱቅ የሰፈር ልጅ ይላካል። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ በባጃጅ ደጁ ድረስ ትወሰዳለች። እንዲህ እንዲህ እያለ እርምጃዋ ሁሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ብቻ ይሆናል።

ከዚያ የሚሆነውን ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ አይታችኋል። ለመነሳት ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ትደግፋለች። አንዴ ወደ ፊት ትወዛወዛለች፣ መልሳ ትቀመጣለች። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው «እህህ» ብላ ትነሳለች፤ ቆማም ጉልበቷ እስኪጸና ግድግዳውን ትይዛለች። ልጆቿም «አየሽ፣ ባሰብሽ» ብለው የቀረቻትን እርምጃ ጨምረው ይወስዱባታል።

ልጆች፣ እባካችሁ ይህን ተዉት። ቡናዋን ራሷ ታፍላ። በርጩማዋን ግን ከፍ ባለ ወንበር ቀይሩላት፤ ረከቦቱንም ጠረጴዛ ላይ አድርጉላት። ጉልበት የሚሰቃየው ዝቅ ብሎ እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ ነው። ጀሪካኑን እናንተ ተሸከሙ፣ ስኒውን እሷ ታምጣ። ባጃጁን ደጅ ድረስ አታስገቡት፤ ትንሽ ቀደም ብላችሁ አስቁሙና ክንዷን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። «ውጪና ወክ አድርጊ» ብሎ ማዘዝ አይሠራም። አብሯት የሚወጣ ሰው ሲኖር ነው የምትወጣው። አባባም ቢሆኑ ያው ነው፤ አባባን የሚያስነሳቸው ብዙውን ጊዜ ጨዋታ የሚያውቅ ጓደኛ ነው።

3. በራጅ ተስፋ መቁረጥ

«ራጅ ተነስቼ ጉልበትዎ አልቋል ተባልኩ» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ መራመድ ቀሪውን መጨረስ ይመስላቸዋል። ራጅ የሚያሳየው አጥንቱንና በመሃሉ ያለውን ክፍተት ነው። የህመምን መጠን አይለካም። ራጁ ክፉኛ የተበላሸ ሆኖ ብዙም የማያመው ሰው አለ፤ ራጁ ደህና ሆኖ እንቅልፍ የሚያጣም አለ። በልክ የሚደረግ የእግር ጉዞ መገጣጠሚያን ጨርሶ እንደሚያፈርስ የሚያሳይ ነገር የለም።

4. በመጀመሪያው ቀን ከሳቢያን ከዚራ

ወስኖ የሚነሳ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ወራት ተቀምጦ ከርሞ በአንድ ጠዋት ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር ድሬን ያቋርጣል። ማታ ጉልበቱ ያብጣል። «ብያችሁ ነበር፣ መሄድ አይስማማኝም» ብሎ ይዘጋዋል። ያልተስማማው መሄዱ ሳይሆን መጠኑ ነበር።

በአምስት ወይም በአስር ደቂቃ ይጀምሩ። ሰዓት ማየት ካልወደዱ በመብራት ምሰሶ ይቁጠሩ፤ ዛሬ አምስት ምሰሶ ሄደው ይመለሱ፣ ሳምንቱን በዚያው ይቆዩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ወይም ሁለት ይጨምሩ። አንድ ጊዜ ረጅም ከመሄድ ጠዋትና ማታ ከፋፍሎ መሄድ ለጉልበት ይቀላል። ፍጥነቱ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ማውራት የሚያስችል ይሁን።

ህመሙንስ? ምንም ካላመመዎት 0፣ ሊታገሱት የማይችሉት ከሆነ 10 ይስጡት። ሲሄዱ እስከ 4 ወይም 5 ድረስ ቢደርስ አይደንግጡ። ዋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከተመለሱ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ከመውጣትዎ በፊት ከነበረው የባሰ ካመመዎት፣ ወይም በማግስቱ ጉልበትዎ ካበጠ፣ አብዝተዋል ማለት ነው። በሚቀጥለው ቀን ደቂቃውን ይቀንሱ። አይተዉት፣ ይቀንሱት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻ ትንሽ ማመሙ ያለ ነው።

10,000 እርምጃ የሚለው ቁጥርም አያስፈራዎት። የጉልበት መሸርሸር ባለባቸው ወይም በሚያሰጋቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቀን ወደ 6,000 እርምጃ የሚደርሱት ከሁለት ዓመት በኋላም በደንብ መንቀሳቀስ የመቻላቸው ዕድል የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ያ ደግሞ የቤት ውስጡንም፣ የገበያውንም እርምጃ ጨምሮ ነው። ክብደት ያለበት ሰው ከሆኑ ሌላ የምሥራች አለ፦ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጭነት በአራት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል።

5. ሰዓቱንና መንገዱን አለመምረጥ

ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ወክ ልውጣ ማለት ራስን መቅጣት ነው። በሙቀት የደከመ ሰው እግሩን እየጎተተ ይሄዳል፣ ይደናቀፋል፤ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ካለበት ደግሞ ይብስበታል። ከሱብሂ ሶላት ወይም ከኪዳን መልስ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ያለው ጊዜ የድሬ ምርጥ ሰዓት ነው። ውሃ ይያዙ።

ለቦታው ከዚራን የሚያህል የለም። ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናትና፣ በለገሃር ዙሪያ ያሉት ጎዳናዎች ቀጥ ያሉ ናቸው። ሜዳ ነው፣ የዛፍ ጥላ አለ፤ ሲደክምም አረፍ የሚባልበት አይጠፋም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለስላሳ ስለሆነ ይሻላል የሚሉ አሉ። አይሻልም። እግር እየሰመጠ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ይጠመዘዛል። በክረምት ደግሞ ወንዙ ድንገት እንደሚመጣ ከ1998ቱ ጎርፍ ወዲህ ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ሐረር አየሩ ይቀላል፤ ፈተናው መሬቱ ነው። የጀጎል መንገዶች ጠባብ ናቸው፣ ድንጋይ የተነጠፈባቸው፣ ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። ጉልበትን አብዝቶ የሚያሳምመው ግን ብዙ ጊዜ ቁልቁለቱ ነው፤ ሲወርዱ የሰውነትን ክብደት ይዞ የሚያቆመው የታጠፈው ጉልበት ነውና። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከግንቡ ውጭ ያለውን ሰፊ አስፋልት ይምረጡ። ቤትዎ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ሲወርዱ አጭር አጭር ይራመዱ፣ ግድግዳ ወይም የሰው ክንድ ይያዙ። ደረጃ ላይ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የሚያመው ይቅደም።

6. ሸበጥና ምርኩዝ

በሸበጥ ወክ አይደረግም። ተረከዝ የሚይዝ፣ ጠፍጣፋ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ይበቃል፤ ውድ መሆን የለበትም።

ምርኩዝን ብዙ ሰው በሚያመው እግር በኩል ይይዘዋል። መያዝ ያለበት በተቃራኒው ነው። ቀኝ ጉልበት ካመመ ምርኩዙ በግራ እጅ ይሁን፤ ቀኝ እግርና ምርኩዙ እኩል ይነሱ። ቁመቱ ደግሞ ቀጥ ብለው ቆመው እጅዎን ሲለቁ የእጅዎ አንጓ ጋ የሚደርስ ይሁን።

7. ጠዋት ሄዶ ከሰዓት ሙሉ በርጫ ላይ መታጠፍ

ይህን ሳላነሳ ባልፍ ለድሬና ለሐረር ሰው የጻፍኩ አይመስለኝም። ጠዋት ሃያ ደቂቃ የሄደ ሰው ከሰዓት በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃመ፣ ፍራሽ ላይ አንዱን ጉልበቱን አጥፎ፣ በክርኑ ተደግፎ እስከ መግሪብ ይቆያል። ሲነሳ እግሩ ተቆልፏል። ጫቱ ድካምንና ህመምን ስለሚያዘናጋ የጉልበቱን አቤቱታ በጊዜ አይሰማውም። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ይለዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ህመም ይበረታበታል።

ቢቀር ደስ ይለኛል። እስኪቀር ድረስ ግን ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሱ፣ ክፍሉን አንዴ ይዙሩ። ተቀምጠውም ቢሆን እግርዎን ቀጥ አድርገው ከፍ ያድርጉና አምስት ሰከንድ ይያዙ፣ አሥር ጊዜ ይድገሙት። ሥራው ሱቅ ወይም ቢሮ የሚያስቀምጠውም ሰው ይህንኑ ያድርግ።

8. መርፌ ተወግቶ መሮጥ

«አንድ መርፌ ተወግቼ ለቀቀኝ» የሚባለው ነገር ያስፈራኛል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ የህመም ማስታገሻ በየቀኑ ሲወሰድ ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ አደጋው ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ የሚወጉት መርፌ ስቴሮይድ ሊሆንም ይችላል፤ ስኳር ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለጉልበት የሚቀባው ጄል ከሚዋጠው ያነሰ ጉዳት ስላለው ስለሱ ሐኪምዎን ይጠይቁ። መድኃኒት ወስደውም ህመሙ ስለጠፋ ብቻ የእግር ጉዞውን እጥፍ አያድርጉት።

አንዳንድ ጉልበት ደግሞ ከወክ በፊት ሐኪም ይፈልጋል። መገጣጠሚያው ድንገት ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ይሂዱ። ወድቀው ክብደት መጣል ካቃተዎት፣ ጉልበቱ መሃል ላይ ከተቆለፈ ወይም በተደጋጋሚ ከከዳዎት ይታዩ። ባትዎ በአንድ ወገን ብቻ አብጦ ካመመም አይቆዩ። ጠዋት ጠዋት የጣቶችዎ መገጣጠሚያዎች ከአንድ ሰዓት በላይ ተሳስረው የሚቆዩ ከሆነ ሌላ ዓይነት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም የተለየ ነው። ስትራመዱ ደረት የሚጨምቅ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ካለ መጀመሪያ ልብዎ ይታይ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለብዎት ነገ ጠዋት አምስት ምሰሶ ሄደው ይመለሱ።