የሴል ሽፋን ፕሮቲንን በባክቴሪያ እንዴት እናምርት?

ልባችን የሚመታው፣ ነርቫችንም መልእክት የሚያስተላልፈው በሴል ሽፋን ውስጥ በተሰኩ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። ቅርጻቸውን ለማየት በሚሊግራም የሚለካ ንጹህ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ከእንስሳ አካል ይህን ያህል ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ጂኑን ለባክቴሪያ ሰጥተን እናሠራዋለን።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ እዚህ ሥራ ላይ ችኮላ አያዋጣም። ባክቴሪያው ፕሮቲኑን በጥድፊያ ካመረተ ወደ ሽፋኑ የሚያስገባው በር ይጨናነቃል። የተረፈው ተጨማዶ ይከመራል፤ አንዳንዴም ሴሉ ራሱ ይሞታል።

የመጀመሪያ ሙከራችሁ ከሆነ የሰውን ፕሮቲን ተዉትና የባክቴሪያ ዘመዱን ምረጡ። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሮድሪክ ማኪነን እ.ኤ.አ. በ1998 የፖታሲየም ቻናልን (ፖታሲየም በሴል ሽፋን የሚያልፍበትን ፕሮቲን) ቅርጽ ያሳየው በዚህ መንገድ ነው። ኬሲኤስኤ የተባለውን የባክቴሪያ ቻናል ኢ. ኮላይ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ አመረተው፤ በ2003 ኖቤል ተሸለመ።

ጂኑን ፕላዝሚድ በሚባለው ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ላይ አስገቡ። ጫፉ ላይ 8 ወይም 10 ሂስቲዲን (አንዱ የአሚኖ አሲድ ዓይነት) ቀጥሉበት፤ በኋላ መያዣ ይሆናችኋል። ከዚያ ሲ43 ወደሚባለው የኢ. ኮላይ ዝርያ አስገቡት። ሳይንቲስቶቹ ሚሩ እና ዎከር ይህን ዝርያ በ1996 ያወጡት፣ ሌሎቹ ሲሞቱ በሕይወት የተረፉትን ሴሎች እየለዩ ነው።

በ37 ዲግሪ አሳድጉ። ፈሳሹ ደፍረስ ብሎ ኦዲው (የድፍርስነቱ መለኪያ) 0.6 ሲደርስ ወደ 20 ዲግሪ አቀዝቅዙ። ጂኑን ሥራ የሚያስጀምረውን ኬሚካል፣ አይፒቲጂን፣ 0.2 ሚሊሞላር ጨምሩና እየተንቀጠቀጠ ይደር።

ጠዋት ሴሎቹን ሰብስባችሁ በግፊት ስበሩ። በሴንትሪፉጅ በ10,000 ጂ (የምድር ስበት 10,000 እጥፍ) ስታሽከረክሩት ፍርስራሹ ይወርዳል፤ ሽፋኑ ከላይ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል። ያንን ፈሳሽ በ100,000 ጂ ለአንድ ሰዓት አሽከርክሩት። ቱቦው ሥር ማር የመሰለ፣ ቡናማና ተጣባቂ ነገር ታያላችሁ። ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትደፉት! የደከማችሁበት ሁሉ እሱ ውስጥ ነው።

አሁን ዲተርጀንት ነው። ዲዲኤም በተባለው ዲተርጀንት በ1 ከመቶ፣ በ4 ዲግሪ፣ ለሁለት ሰዓት ቀስ እያላችሁ አማስሉት። ሳሙና ቅባትን ከሳህን እንደሚያነሳ፣ ዲተርጀንቱም ፕሮቲኑን ከሽፋኑ አላቆ ውሃ የሚሸሸውን ወገቡን ይከበዋል። ከዚህ በኋላ በምትጠቀሙበት ቡፈር (አሲድነቱ የማይዋዥቅ ፈሳሽ) ሁሉ ጥቂት ዲተርጀንት አይጥፋ፤ ከጠፋ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይዘቅጣል።

ያልሟሟውን እንደገና በ100,000 ጂ አስወግዱና ፈሳሹን ሂስቲዲኑን በሚይዝ የኒኬል ኮለም (የማጣሪያ ቱቦ) አሳልፉ። ሂስቲዲኑን ከኒኬሉ በሚያላቅቀው ኢሚዳዞል በ30 ሚሊሞላር እጠቡ፣ በ300 አውጡት።

የመጨረሻው ፈተና በመጠን የሚለየው ኮለም ነው። ግራፉ ላይ አንድ ወጥ ጉብታ ካያችሁ እሰየው። ገና ከጅምሩ ትልቅ ጉብታ ከወጣ ግን ፕሮቲኑ ተጓጉሏል፤ ዲተርጀንቱን ቀይራችሁ ሞክሩ። ጥሩው ጉብታ እንዳይበላሽ በዚያው ቀን ለክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ (የቀዘቀዘውን ፕሮቲን ቅርጽ ለሚያሳየው መሣሪያ) አዘጋጁት።