ያበጠ ቁርጭምጭሚቴን በሙቅ ውሃ አባስኩት

ደረጃ ስወርድ እግሬ ወለም አለኝ። ስህተቱን የሠራሁት እዚያው ማታ ነው፤ "ሙቀት ያፍታታል" ብዬ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ጠዋት ግን ቁርጭምጭሚቴ ተነፋፍቶ ጫማ አልገባ አለኝ።

ለካ ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል። ጉዳቱ ትኩስ ሲሆን ወደ ቦታው የሚሄደው ደምና ፈሳሽ ይበዛል፣ እብጠቱም ይብሳል። ቅዝቃዜ በተቃራኒው የደም ሥሩን ያጠባል፣ ሕመሙንም ያደነዝዛል።

ስለዚህ ወደ በረዶ ዞርኩ። በስስ ፎጣ ጠቅልዬ ለ15 ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ፣ አነሳዋለሁ፣ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቆይቼ እደግማለሁ። እግሬን ደግሞ ትራስ ላይ ከፍ አደርጋለሁ። አንዴ ሰነፍኩና በረዶውን ያለ ፎጣ አሳረፍኩት፤ ቆዳዬ ቀልቶ ለበለበኝ። በረዶም ያቃጥላል!

በ3ኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። የቀረኝ እግሬ እንደ እንጨት ግትር ማለቱ ነበር። የሙቀት ተራ የደረሰው ያኔ ነው። ሞቅ ባለ ውሃ (በሚያቃጥል አይደለም) ለ15 ደቂቃ እዘፈዝፈውና ወዲያው ቁርጭምጭሚቴን ቀስ እያልኩ አሽከረክረዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ደረጃ መደገፊያ ሳልይዝ ወረድኩት።

ጭራሽ መርገጥ ካቃታችሁ ግን በረዶ ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ራጅ ተነሱ። በስኳር ሕመም እግሩ የሚደነዝዝ ሰውም ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው። ቆዳው ሲቃጠል ላይሰማው ይችላል።