ኤችዲ ዲቪዲና ብሉ ሬይ ሲገዙና ሲያጫውቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤችዲ ዲቪዲና ብሉ ሬይ ዲቪዲን ለመተካት የተፎካከሩ፣ የጠራ ምስል የሚይዙ ሁለት የፊልም ዲስክ ዓይነቶች ናቸው። የኤችዲ ዲቪዲ ዋና አምራች ቶሺባ ምርቱን እንደሚያቆም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2008 ነው። ከዚያ ወዲህ ብሉ ሬይ ብቻውን ቀረ። የሁለቱም ዲስኮችና ማጫወቻዎች ግን እስከ ዛሬ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ እየተሸጡ ነው፤ ገንዘብ የሚባክነውም ሁለቱን ካለመለየት ነው።

«ሁለቱም ሰማያዊ ሌዘር ስለሆኑ አንዱ ማጫወቻ ሌላውን ያነባል»

ሌዘሩስ አንድ ነው፤ ሁለቱም 405 ናኖሜትር ይጠቀማሉ። ልዩነቱ መረጃው የተቀመጠበት ጥልቀት ላይ ነው። በኤችዲ ዲቪዲ፣ ልክ እንደ ዲቪዲ፣ መረጃው ከገጹ 0.6 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ይገኛል። በብሉ ሬይ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሌንሱ እጅግ ቀርቦ ስለሚያነብ ጨረሩን አጥብቦ ማሳረፍ ይችላል፤ ስለዚህም ብሉ ሬይ በአንድ ንብርብር (መረጃ በተጻፈበት አንድ ወለል) 25 ጊጋባይት ሲይዝ ኤችዲ ዲቪዲ 15 ብቻ ይይዛል። ሁለት ንብርብር ሲሆኑ 50 እና 30 ይሆናል።

ሁለቱንም የሚያጫውቱ መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ የኤልጂ ቢኤች100፣ የሳምሰንግ ቢዲ-ዩፒ5000፣ ለኮምፒውተር ደግሞ የኤልጂ ጂጂደብሊው-ኤች20ኤል። ሲገዙ የሳጥኑን ቀለም አይመኑ። የኤችዲ ዲቪዲ ሳጥን ቀይ፣ የብሉ ሬይ ሰማያዊ ቢሆንም ያገለገለ ዲስክ ሳጥኑ ሊቀያየር ይችላል። ዲስኩ ላይ የታተመውን ምልክት ይዩ።

ብሉ ሬይን እንደ ሲዲ መፈተግ

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። ሲዲ ሲጫር በጥርስ ሳሙና ማሸት ወይም ዲቪዲን በሚያለሰልስ ማሽን ማስፋቅ የተለመደ ነው። ለዲቪዲና ለኤችዲ ዲቪዲ ማሽኑ አንዳንዴ ይሠራል፤ ከመረጃው በፊት 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ስላለ ጥቂት ቢፋቅም ይተርፋል። የብሉ ሬይ ሽፋን ግን የዚያ ስድስተኛ ነው፤ ላዩም ጭረት እንዲቋቋም ጠንካራ ቅብ ተቀብቷል። ማሽኑ መጀመሪያ የሚያነሳው ያንን ቅብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዲስኩን ማዳን ይከብዳል።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ጭረት ሳይሆን የጣት ቅባት ነው። መረጃው ለገጹ ቅርብ በመሆኑ ጨረሩ ገጹን ሲያልፍ ቀድሞውኑ ጠቧል፤ በዲቪዲ ላይ ምንም የማያደርግ ብናኝ እዚህ የጨረሩን ሰፊ ክፍል ይጋርዳል። ምስሉ ከቆመ በመጀመሪያ አቧራውን በአየር ያራግፉ፤ ከዚያ ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ በተጣራ ውኃ በስሱ አርጥበው ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይጥረጉ። ዙሪያውን አይጥረጉ። መረጃው የተጻፈው በዙሪያ ስለሆነ፣ ዙሪያውን የሄደ ጭረት ተከታታይ መረጃ ያበላሻል፤ የማጫወቻው የስህተት ማረሚያም ያን ያህል ረጅም ክፍተት መሙላት አይችልም። ከመሐል ወደ ጠርዝ የወጣ ጭረት ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ብቻ ስለሚነካ ይታረማል።

ሪጅኑን ሳያዩ መግዛት

ሪጅን ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚከፈት የሚወስን ቁልፍ ነው። የብሉ ሬይ ሪጅኖች ሦስት ናቸው። አሜሪካ «ኤ»፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ «ቢ» ናቸው። ከዋሽንግተን የመጣ፣ በ«ኤ» የተቆለፈ ዲስክ ከዱባይ በተገዛ ማጫወቻ አይከፈትም። ከዱባይ፣ ከእስራኤል ወይም ከጀርመን የመጣ ብሉ ሬይ ግን አዲስ አበባ ላይ በ«ቢ» ማጫወቻ ይሠራል። ለዲቪዲ ሂሳቡ ሌላ ነው፦ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ 5። አንዱ ማጫወቻ ብሉ ሬዩን ተቀብሎ ዲቪዲውን ቢመልስ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ኤችዲ ዲቪዲ የሪጅን ቁልፍ የለውም።

ማጫወቻው ራሱ ከአሜሪካ ከመጣ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልቴጅ ሳያነቡ አይሰኩት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል።

ኤችዲ ዲቪዲን ሳይሞክሩ መግዛት

አንዳንዶቹ፣ በተለይ የፊልም ድርጅቱ የዋርነር እትሞች፣ ገጻቸው ንጹሕ እያለ ውስጡ ተበላሽቶ ማንበብ ያቆማሉ፤ በዓይን አይታወቅም። መጀመሪያውን አይቶ መተው አይበቃም። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያጫውቱት፤ ማጫወቻው ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ ላይ እንዳይቆም ልብ ይበሉ። በአንድ ፊቱ ዲቪዲ ያለበት ዓይነት ከሆነ ያ ፊት በተለመደ ማጫወቻም ይሠራል።

«ብሉ ሬይ ያሸነፈው ምስሉ ስለሚበልጥ ነው»

በዚህ እምነት የ2006ን የመጀመሪያ ብሉ ሬዮች በውድ የሚገዙ አሉ። ከእነዚያ ብዙዎቹ በ25 ጊጋባይት ላይ በአሮጌው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ በኤምፔግ-2 የተጨመቁ ነበሩና በጊዜው ከነበሩት ኤችዲ ዲቪዲዎች በጥራት ያነሱም ነበሩባቸው። ያው ፊልም ኋላ በድጋሚ ከታተመ አዲሱን እትም ይምረጡ።

ውጤቱን የወሰኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው። የጨዋታ መሣሪያው ፕሌይስቴሽን 3 ከኖቬምበር 2006 ጀምሮ ብሉ ሬይን በውስጡ ይዞ ቤት ገባ፤ የተፎካካሪው የጨዋታ መሣሪያ የኤክስቦክስ 360 ኤችዲ ዲቪዲ ማንበቢያ ግን በ200 ዶላር ገደማ ለብቻው የሚገዛ ነበር። ቶሺባ በ2007 መጨረሻ ማጫወቻውን ከ100 ዶላር በታች እስከማውረድ ደርሷል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2008 ዋርነር ፊልሞቹን ወደ ብሉ ሬይ ብቻ ሲያዞር ግን ዋጋ መቀነሱ ዋጋ አጣ፤ ፊልም የሌለው ማጫወቻ ርካሽ ቢሆንም አይገዛም። የአሜሪካው የመደብር ድርጅት ዎልማርት ፌብሩዋሪ 15 ተከተለ፤ ቶሺባ በአራት ቀን ውስጥ እጁን ሰጠ።

4ኬን ከብሉ ሬይ ጋር አንድ ማድረግ

በ2016 የመጣውና ከተራው የጠራ ምስል የሚይዘው 4ኬ ብሉ ሬይ የራሱን ማጫወቻ ይፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 4፣ «ፕሮ» የተባለው ዓይነትም ጭምር፣ አያነበውም፤ ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ዋን ኤስ ያነቡታል። የ4ኬ ዲስክ ሪጅን የለውም። አብሮት በአንድ ሳጥን የሚመጣው ተራ ብሉ ሬይ ግን ሊቆለፍ ስለሚችል ከሳጥኑ ጀርባ ያለውን ፊደል ይመልከቱ።