ከስልሳ በኋላ የጉልበት ነገር፦ ወንበር፣ ምስርና ሜትር

«ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» የሚለው ሰላምታ ብዙ እናቶችን ሳይርባቸው ያስበላል። «ተመችቶሻል» የሚለው ደግሞ የማክሻ ሻይ ያስገዛል። ሁለቱም ስለ ጉልበት ምንም አይናገሩም። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ስቡ ከዳሌ ወደ ሆድ ያዘነብላል፣ ጡንቻም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የሚዛኑ ቁጥር ሳይለወጥ ቀሚሱ ወገብ ላይ ሊጠብ፣ እግር ደግሞ ሊደክም ይችላል። ሚዛን ላይ ብቻ ዓይን መጣል የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

በወር አንድ ቀን የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ። መቀነቱን ፈተው፣ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል ሜትሩን ያዙሩ፤ ሆድ ሳይስቡ፣ ትንፋሽ አውጥተው ይለኩ። ከ88 ሴንቲ ሜትር ካለፈ የስኳርና የልብ በሽታ ስጋት ይጨምራል። ቀጥሎ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበር 5 ጊዜ ይነሱና ይቀመጡ፤ ሰዓት የሚይዝ ሰው ከጎን ይኑር። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ እግርዎ ደክሟል ማለት ነው።

መድኃኒቱም ያው ወንበር ነው። የፕላስቲክ ወንበር ይሸሻል፣ የቡና ዱካ ደግሞ ዝቅ ስለሚል ጉልበት ይጎዳል፤ የእንጨት ወንበር ከግድግዳ አስጠግተው ይጠቀሙ። ጫፉ ላይ ይቀመጡ፣ ተረከዝዎን ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ፣ አፍንጫዎ ከእግር ጣትዎ በላይ እስኪሆን ጎንበስ ይበሉና ትንፋሽ እያወጡ ይነሱ። ሲቀመጡ ግን እስከ 3 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ዘፍ ብሎ መቀመጥ የሥራውን ግማሽ ያስቀራል። ካቃተዎት የታጠፈ ጋቢ ደርበው ወንበሩን ከፍ ያድርጉት፣ ሲጠነክሩ ጋቢውን ያንሱት። በ5 ይጀምሩና ወደ 10 ያሳድጉ፤ አረፍ እያሉ 3 ዙር፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ግን በተከታታይ ቀናት አይሁን። ጉልበቶችዎ ወደ ውስጥ እንዳይገናኙ ይጠንቀቁ። ትንፋሽ መያዝ ደም ግፊትን ያንራል። ከልምምዱ በኋላ የጉልበት ሕመም ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ በሚቀጥለው ልምምድ ቁጥሩን ይቀንሱ እንጂ አያቋርጡ።

ለክንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ ማንሳት ይበቃል። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም ደግሞ ከመውደቅ ያድናል።

የእግር ጉዞው በሳምንት 150 ደቂቃ ይድረስ፤ በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን ማለት ነው። እያወሩ መሄድ ይችላሉ፣ መዝፈን ግን ያቅትዎታል፤ ልኩ ይህ ነው። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው የቸርችል ጎዳና ለጀማሪ አይሆንም፦ ሽቅቡ ትንፋሽ፣ ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል። የመስቀል አደባባይን ደረጃ ለሯጮቹ ይተዉላቸውና ከታች ሜዳውን ይዙሩ። በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ያለው አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድም ምቹ ነው፤ ክረምት ላይ ግን ንጣፉ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ ያለ ስኒከር አይሞከርም።

ምግቡ ላይ ትልቁ ጉድለት ፕሮቲን ነው። ለ60 ኪሎ ሴት በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ይመከራል፤ የኩላሊት ችግር ያለባት ግን መጠኑን ከሐኪም ትጠይቅ። በፍስክ ቀን ቀላል ነው፦ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ይሰጣል። ጾም ላይ ነው ቁም ነገሩ። 50 ግራም ደረቅ ምስር 12 ግራም ያህል ሲኖረው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የሽሮ ዱቄት ግን 6 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ቀጥኖ የተሠራ ሽሮ በብዙ እንጀራ ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ አይጠግንም። ሽሮው ይወፍር፣ ምስሩ ወይም ባቄላው ይጨመር፣ ከሰዓት አንድ እፍኝ ለውዝ ይቀመስ። ጾም ሲፈታ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመብላት፣ እስከ ማታ ሁለት ቦታ ከፍሎ መመገብ ይሻላል።

ጾም ራሱ እንደማያከሳ ደግሞ ዘይቱን ያየ ያውቀዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ የአበሻ ወጥ ደግሞ በአንድ ማንኪያ አይቆምም። ስኳሩም እንዲሁ፦ በቀን 4 ሻይ በ3 የሻይ ማንኪያ ስኳር 48 ግራም ይሆናል። በየሳምንቱ ከአንዱ ብርጭቆ ላይ ግማሽ ማንኪያ ቢቀነስ ምላስ ይለምደዋል።

የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ ከሆነ፣ እስከ 9 ሰዓት ከመጾሟ በፊት መጠኑን ከሐኪሟ ጋር ታስተካክል፤ ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። የማክሻ ሻይን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው። የሚቀንሱት ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ፖታሲየምንም ይዘው ይወጣሉ። ከሚያሸና የግፊት ኪኒን ጋር ሲገናኝ የልብ ምት እስከማዛባት ይደርሳል፤ እየጠጡ ከሆነ ያቁሙና ለሐኪምዎ ይንገሩ።