ሪላክስ የተደረገ ፀጉሬ በፒያስትራ መቆራረጡን እንዴት እንዳቆምኩት

ሪላክሰር (ፀጉር የሚያቀና ኬሚካል) ከተቀባሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፒያስትራ (የፀጉር መተኮሻ) ባደረግኩ ቁጥር ማበጠሪያው ላይ አጫጭር ቁራጮች ይቀሩ ጀመር። ከሥሩ የረገፈ ፀጉር ጫፍ ላይ የምትታየው ያቺ ነጭ ነጥብ የለችም፤ ማለትም ከሥሩ እየረገፈ ሳይሆን መሃሉ ላይ እየተቆረጠ ነው። ፒያስትራው ሲያልፍ ደግሞ «ጭስስ» ይላል።

መጀመሪያ ቅቤ ተቀባሁ። ለሰለሰ፣ መቆረጡ ግን አልቆመም፤ ጭራሽ ቅባቱን በደንብ ሳላስለቅቅ ስተኩሰው ጨሰብኝ። ቀጥሎ ፕሮቲን ትሪትመንት በሳምንት ሁለቴ፤ እንደ ገለባ ደረቀ። ከዚያ አዲስ ፒያስትራ ገዛሁ። ብሬን በላሁት።

ለካ ፍንጩ ያ ድምፅ ነበር። የደረቀ የሚመስል ፀጉር ውስጥ የቀረ ውሃ 230 ዲግሪ ሲነካው ባንዴ ተንኖ ፀጉሩን ከውስጥ ይጎዳዋል። ሪላክሰሩ ደግሞ ለፀጉር ጥንካሬ የሚሰጡትን የሰልፈር ትስስሮች ቀድሞ አላልቷል።

አሁን ታጥቤ፣ ኮንዲሽነር አድርጌ፣ በቢጎዲን (የፀጉር መጠቅለያ) ጠቅልዬ ካስክ (ራስ ላይ የሚደፋ ማድረቂያ) ሥር ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እቀመጣለሁ። ፀጉራችሁ ብዙ ከሆነ አንድ ሰዓትም ላይበቃ ይችላል፤ የሚያነቡት ያዙ። ከዚያ ዳይሜቲኮን (ፀጉሩን በስሱ የሚሸፍን ሲሊኮን) ያለበት የሙቀት መከላከያ በስሱ፣ ፒያስትራው 170 ላይ፣ ቀጭን ቀጭን እየከፈልኩ አንዴ ብቻ አሳልፋለሁ። ሥሩ ላይ የበቀለውን አዲስ ፀጉር ካላለሰለስኩ ብዬ አልደጋግምም።

የተጎዳው ጫፍ ስለማይድን ሁለት ጣት ያህል አስቆረጥኩት። «ጭስስ» ጠፋ፤ በሦስተኛው እጥበት ማበጠሪያው ላይ ቁራጭ አላገኘሁም። እንደ ድሮው አያብረቀርቅም፣ ግን ፀጉሬ ራሴ ላይ ነው።